ሰሞኑን ያየሁት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ያለ ወቅቱ ሲያካፋ ዋለ። የክፍሉ ጣሪያ ሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ባልዲ ደቅነን ነው የምናስተምረው። ጠብ... ጠብ... ከኋላ ያለው ቀልደኛ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ጠብታው ምን ያመለክታል?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጣሪያው መጠገን እንዳለበት ያመለክታል አልኩት። እኔም ሳቅሁ።

እውነተኛ ስሜ ከተረሳ ቆይቷል። ኮሪደሩ ላይ "አቶ ምን-ያመለክታል መጣ!" ሲባባሉ እሰማለሁ። ይበሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስጠይቅ የኖርኩት ይህንኑ ነው። የደረቀው ጉድጓድ ምን ያመለክታል? ባልየው ረስቶት የሄደው ኮትስ? አሁን አሁን ሳልጠይቃቸው ይመልሱልኛል። ጥቁር ልብስ ሐዘን፣ መንገድ ሕይወት፣ ወፍ ነጻነት... እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸምድደውታል። ሰለቸኝ። ስለዚህ ዛሬ ከራሳቸው እንዲያወጡ ድርሰት አዘዝኳቸው። ርዕሱ "ሰሞኑን ያየሁት"። አንድ ገጽ፣ ለነገ።

ቤት ስገባ እህቴ እትዬ፣ ማንኪያ ከእጇ ወድቆባት ኖሮ፣ እንግዳ ይመጣል ብላ ሳሎኑን ጠርጋ ትጠብቃለች። የመጣው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። "ይኸው መጣ አይደል?" አለችኝ። እህቴን በክርክር የረታ የለም። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዋ ጋር ተቀምጣ የወደቀውን፣ የተገለበጠውን፣ የጮኸውን ሁሉ ትፈታለች። እኔ እስቅባታለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

አርባ ሦስት ወረቀት አረምኩ። አርባዎቹ ያዩት ዝናብ ነው። ሁለቱ ምንም አላዩም። አንዷ ግን...

ዝምተኛዋ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራት። አባቷ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው፤ "አቤት" ትላለች፣ አለቀ። የጻፈችውን ልገልብጠው፦

"መጀመሪያ ያየሁት ብልጭታ ነው። ከዚያ ትንኞች መጡ። በእጄ ሳባርራቸው አይሄዱም። ከእሁድ ጀምሮ በቀኝ በኩል ጥቁር መጋረጃ አለ። ትናንት ትንሽ ነበር፣ ዛሬ ጨምሯል። እናቴ በዚያ በኩል ስታልፍ ግማሿ ብቻ ነው የምትታየኝ።"

መጨረሻ ላይ አንዲት የማትረባ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ እሷን ትቻታለሁ።

እንዴት ያለ ነገር ነው! አሥራ አምስት ዓመቷ እኮ ነው። ብልጭታው መርዶው ነው። ትንኞቹ ለቅሶ ደራሹ፣ ወሬው፣ ማጽናኛው፤ ሲያባርሩት የማይሄድ። መጋረጃውማ ግልጽ ነው። እናትየዋ ደግሞ ባሏን አጥታ ግማሽ ቀረች። ማንም አላስተማራት። ወይስ እኔ አስተምሬያት ይሆን? በቀይ ብዕር ዳር ዳሩን ጻፍኩላት። "ግሩም ተምሳሌት!" ከአሥር ዘጠኝ ተኩል ሰጠኋት። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ለእትዬ አነበብኩላት። መርፌ ክር ለማግባት ስትታገል ነበር፤ ቀና ሳትል ሰማችኝ።

"ልጅቷ ዓይኗን ታማለች እንዴ?"

በሳቅ ሞትኩ። እትዬ፣ ይሄ ሥነ ጽሑፍ ነው አልኳት።

"ሐኪም አይቷታል ወይ ነው የምልህ።"

ማንኪያ ሲወድቅ እንግዳ የምታይ ሴት፣ መጋረጃ ሲሏት ሐኪም ይታያታል። ወይ እህቴ!

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ድርሰቱን ለክፍሉ አነበብኩ። እንዲህ ጸጥ ብለው አያውቁም። ቀልደኛው እንኳ አፉን ዘጋ። አንብቤ ስጨርስ አንድ በአንድ ፈታሁላቸው፤ ብልጭታውን፣ ትንኞቹን፣ መጋረጃውን። ይሄኔ ዝምተኛዋ እጇን አወጣች። በገዛ ፈቃዷ!

"ቲቸር... መጋረጃው ግን..."

"ተይ" አልኳት። "ደራሲ ሥራውን አያብራራም። ለአንባቢ ተይው።"

አጨበጨቡላት። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ትሕትናዋን ወደድኩት። ወረቀቱን በሩ አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይ በአራት መርፌ ለጠፍኩት።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ለምን እዋሻለሁ? ለራሴም አጨበጨብኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ዝምተኛዋ ስትገባ ትከሻዋን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨች። ቆይታ ደግሞ ባልዲውን ደፋችው። ከሰሌዳ ስትገለብጥ አንገቷን እንደ ዶሮ ታዘነብላለች። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደነዝዛል። አንጀቴን በላችው።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ዝምተኛዋ ቀርታለች። ጉንፋን ይሆናል፤ ግማሹ ክፍል ያስላል።

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ምክትል ርዕሰ መምህሩ በእረፍት ሰዓት ጠራኝ። ያቺ ዝምተኛ ተማሪህ ሆስፒታል ተኝታለች አለ። ምን ሆና? ዓይኗን። የትኛውን ዓይኗን? "የቀኙን። ከወር በፊት መረብ ኳስ መቷት ነበር አሉ። ምነው? አመመህ እንዴ?"

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ሌላ የማስታውሰው የለም። አምስተኛውን ክፍለ ጊዜ ማን እንዳስተማረልኝ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ። ተኝታለች፤ ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ተደርጎላታል። እናትየዋ ከአልጋው እግር ስር ተቀምጣ የልጇን ካልሲ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። ስታየኝ ተነሣች። "መምህር፣ እርስዎም መጡ? ለእኔ ልጅ?" 

ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ወጣት ናት፤ ቆማ ካርድ ላይ ትጽፋለች። ሕመምተኞቹ መጀመሪያ ምን ይታያቸዋል ብዬ ጠየቅኋት። ለምን እንደጠየቅሁ እንጃ። መልሱን አውቀው የለ?

ቀና እንኳ ሳትል፣ "ብልጭታ" አለች። "ከዚያ እንደ ትንኝ ያለ። ከዚያ ከጎን መጋረጃ ይመጣል።"

"መጋረጃ ነው የሚሉት?"

"ሁሉም። የተማረውም ያልተማረውም። ሌላ ስም የለውም።"

በዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ሲላቀቅ እንዲያ ነው አለች። መሃሉ ሳይነካ ከመጡ መልሶ ይያያዛል፣ ብዙዎቹም ያያሉ። እሷስ? ካርዱን ዘጋችው። "ብርሃንና ጨለማ ትለይ ይሆናል። ፊደል ግን... ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ። ግራው ደህና ነው፤ እንከታተለዋለን።"

እሁድ፣ ኅዳር 23

ሁለት ሳምንት። ጣቴን ይዤ ቆጠርኩ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ 20። ከዚያ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ... ሐሙስ 6። ረቡዕ 5 አነበብኩት፤ ዓርብ 7 እጇን አወጣች።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ልጆቹ ሳይመጡ ገባሁና ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቀልኩት። አራቱም መርፌዎች ኪሴ ውስጥ ናቸው፤ አንዱ ወግቶኛል።

ያቺን የተውኳትን ዓረፍተ ነገር አየኋት። "ለማን እንደምናገር አላውቅም" ትላለች። በቀይ ሰርዤያታለሁ። ከጎኗ በራሴ እጅ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ "ይህን በግልጽ ባትናገሪው ይሻል ነበር።" ግማሽ ነጥብ የቀነስኩት ለእሷ ነው።

ወረቀቷ ውስጥ ያልገባኝ አንድ ቃል አልነበረም። ሁሉም አማርኛ ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሚረዳው አማርኛ። "ሰሞኑን ያየሁት" ብዬ ጠየቅኋት፤ ሰሞኑን ያየችውን ጻፈች። እኔ ነኝ እንጂ...

ክፍሉ ውስጥ አንድም ልጅ ወረቀቱ የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

እናትየዋ ትምህርት ቤት መጣች። ልጅቷ ቤት ገብታለች፤ ያመለጣትን ትምህርት ልትጠይቅላት ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ እኔና እሷ ብቻ። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነጠላዋን ትጠቀልላለች።

"እኔው ነኝ ያጠፋኋት" አለች።

ተይ እንዲህ አትበይ አልኳት።

"አይ መምህር፣ ልናገር። አንድ ቀን እማዬ ዓይኔ ላይ የሆነ ነገር አለ አለችኝ። እንባ ነው፣ ማልቀሱን ተይው ይለቅሻል አልኳት። ሁለተኛ አላነሣችም። ስንት ሰዓት አለቀስሽ ብዬ መቆጣጠር ጀመርኩ እኮ! ለአንድ ሰው እንኳ ብትነግር ምናለ? ለአንድ ሰው።"

ወረቀቱ እዚያው ነበር። ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ጉልበቴን የሚነካው። እጄን ብዘረጋ... አልዘረጋሁም። የሂሳብ መምህሩ ገባ። የትምህርቱን ማስታወሻ ሰጠኋት። እግዜር ይስጥልኝ ብላ እስከ ወገቧ ጎንበስ አለችልኝ።

አመሰገነችኝ። እኔን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 6

ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ሆዴ አልቻለም። ለእትዬ ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን አቆመች። 

"ጠይቄህ ነበር" አለች።

አዎ።

"ሳቅህብኝ።"

አዎ፣ እትዬ።

"የተማረ ይግደለኝ ይላሉ። ይኸው።" ወዲያው ደነገጠች፤ አፏን በእጇ ያዘች። እውነቷን ነው ግን፣ ምን ልበላት?

እኔ ደግሞ አውጥቼ አውርጄ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ለእናትየዋ ብነግራት የልጅቷ ዓይን አይመለስም። ወረቀቱን ብቀደው ማንም አይጠይቀኝም። ምክትሉ ከሰማ ሥራዬም አለ፣ ስሜም አለ። ምን ይጠቅማል? ይህን ሁሉ አስረዳኋት። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"እናትየዋ አሁን ምን እያለች ነው የምትውለው?"

እኔው ነኝ ያጠፋኋት እያለች።

"ብቻዋን?"

እሁድ፣ ታኅሣሥ 7

ሄድኩ። ቤታቸው ከመንገዱ ወደ ውስጥ ሦስተኛው በር ነው። አንዲት ክፍል ናት። እናትየዋ ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ትተኩሳለች፤ ነጭ አንሶላ እስከ መስኮቱ ተከምሯል፣ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞቃል። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። ስገባ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ አዞረች። ድሮ ዓይኗን ብቻ ነበር የምታዞረው።

ቁጭ አላልኩም። ከተቀመጥኩ እንደማልነግራቸው አውቃለሁ።

ያን ዓርብ ልትነግሪኝ ነበር አልኳት።

"አዎ።"

ለምን ደግመሽ አልነገርሽኝም?

 "አጨበጨቡ እኮ፣ ቲቸር።"

እናትየዋ ካውያውን አቆመች። ምንድን ነው የምትነጋገሩት አለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከቤት ጀምሮ ይዤው ነበር የመጣሁት፤ አልወጣ አለኝ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ቀስ ብላ ነው የምታነብ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷ ከቃል ቃል ይሄዳል። ብልጭታ። ትንኞች። መጋረጃ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ቀን አየች። ከዚያ ቀዩን ጽሕፈት ማንበብ ጀመረች። ፊደሌን ያኔ ነው የጠላሁት፤ እንዴት ያምራል።

"መምህር" አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ይሄ 'ተምሳሌት' የሚሉት ምን ማለት ነው?"

ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ፍቺውን ተኝቼም እወጣዋለሁ።

"አልገባኝም ማለት ነው" አልኳት።

የተሰረዘችውን ዓረፍተ ነገር አነበበች። ደገመቻት። ልጇን አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮህ በወደድኩ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"እኔ እንባ ነው አልኳት፣ እርስዎ ደግሞ ይሄን አሏት" አለች። "እንግዲህ ሁለት ሆንን።"

ካውያውን አንሥታ ወደ አንሶላው ተመለሰች። ተቀመጡ አላለችኝም። ይሂዱም አላለችኝም።