ታንግ እና ታንግ

ሰኞ
እኔን ይድፋኝ፣ ዛሬ ተቀጥሬ የማስታምማቸውን ቻይናዊቷን እማማ ሊንን ላቃጥላቸው ነበር። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እግራቸውን ራሳቸው አያነሱም። ላጥባቸው እግራቸውን ሳህኑ ውስጥ ካለው ውኃ ስከትላቸው «ታንግ» አሉ። እኔ ቻይንኛውን በእኛ ፊደል ጽፌ በያዝኩት ወረቀት ታንግ ሾርባ ነው። «እሺ እማማ» ብዬ ሾርባ ላሞቅ ሄድኩ። ስመለስ እግራቸው ቀልቷል። ልጃቸው ታንግ ሾርባም፣ የሚያቃጥልም፣ ስኳርም ነው፣ ድምፁ ነው የሚለየው አለኝ። ለእኔ ጆሮ ሁሉም አንድ። እስከ ዓርብ ካልተግባባችሁ ቻይንኛ የሚችል ሰው እቀጥራለሁ አለ። በትህትና ነው ያለው፣ እሱ ነው የባሰብኝ። የስልኬ አስተርጓሚ የሳቸውን የደከመ ድምፅ አይሰማም።

ማክሰኞ
ከእማማ ቤት ከእንግልውድ እስከ ቤቴ ቻምበርስ ሮድ ታንግ፣ ታንግ እያልኩ ነዳሁ። ቤት ገብቼም አላቆምኩ። ሰናይት «ደወል ዋጥክ እንዴ?» አለችኝ። ሚስት እንዲህ ናት። ልጄ ሩት ሰርች አድርጋ፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነገረችኝ። ድሮ ቻይና የገቡ የአውሮፓ ሚሲዮናውያንም ቃሉን በራሳቸው ፊደል እየጻፉ መማሪያ ሲያዘጋጁ፣ አንብበው ሲናገሩት ሰሚው ግራ ይገባው ነበር አሉ። ትንሽ ተጽናናሁ። የእኛ ፊደልስ «አለ» ብሎ ሲጽፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል መች ይለያል?

ረቡዕ
እማማ ፈርተውኛል። የመታጠቢያ ሳህኑን ሳነሳ እግራቸውን በዓይናቸው ይጠብቃሉ። ከፋኝ፣ በጣም።
ማታ ሩት ቀጠለች። ከሚሲዮናውያኑ አንዱ ዜማ አዋቂ ነበርና የድምፁን መውጣት መውረድ በጆሮው ለየው፤ ከዚያ በፊደሉ አናት ላይ ምልክት ማድረግ ጀመሩ። በራሴ ሳቅሁ። ዜማ ቤት ስንት አርጩሜ የበላሁት ሰውዬ፣ የዜማ ምልክት የፊደል አናት ላይ እንደሚቀመጥ ትዝ አይለኝም?

ሐሙስ
ሾርባ፣ ስኳር፣ የፈላ ውኃ አሳየኋቸውና እያንዳንዱን አስደገምኳቸው። የሚያቃጥለው ከላይ ይወድቃል፤ ወረቀቴ ላይ ድፋት፣ የዜማ ቤቱን የመውረጃ ምልክት፣ አደረግሁበት። ስኳሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅናት፣ የመውጫውን ምልክት። ሾርባው ከፍ ብሎ ባለበት ይቆያል፤ ባዶውን ተውኩት። መሪጌታ ቢያዩኝ ጉዴ ነበር።

ዓርብ
ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ውኃውን አቅርቤ፣ በጣታቸው አስነክቼ፣ «ታንግ?» አልኩ፣ በድፋት። «ቡ ታንግ» አሉ። አያቃጥልም። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ አንዱም አልገባኝም። ልጃቸው እየሳቀ «ቅዳሴ የምትቀድስ ይመስላል፣ ግን ይገባኛል ትላለች እናቴ» አለኝ። ሌላ ሰው አነጋግሬ ነበር፣ እንዳይመጣ እደውልለታለሁ ብሎ ገባ።
ተመስገን። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ የቃላት ወረቀቴን ገለጥኩ። ሰኞ አንድ ነገር ቢያማቸው በየትኛው ቃል እንደሚነግሩኝ ገና አላውቅም።