ከማስነሳትህ በፊት

ሰኞ፣ የካቲት 1 ቀን 1974

ፓምፑ ተቃጠለ። ገና በመጀመሪያው ቀን! ጣና ዳር ያሉት ገበሬዎች ሽንኩርት ሊያጠጡበት ከእኛ መሥሪያ ቤት የወሰዱት ነው። ሞተሩን ያስነሱት አቶ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ በገበሬ ማኅበራቸው ጽሕፈት ቤት ታስረዋል። «አሻጥር ነው» የሚል ወሬ አለ።

አለቃዬ ጓድ መኰንን ጠሩኝ። «መመሪያውን የተረጎምሽው አንቺ ነሽ። ውሃ ሳይሞላ እንዳይነሳ አልጻፍሽም?»

«ጽፌአለሁ» አልሁ። እውነቴን ነው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ሽማግሌውን ለማየት ሄድሁ። የተረጎምሁትን መመሪያ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ይዘውታል። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ።

«ሦስት። ሞተሩን አስነሳ።» ቀና ብለው አዩኝ። «አስነሳሁ። አራት። ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ፓምፑን ውሃ ሙላ። ልጄ፣ አራት ላይ ስደርስ እኮ ጨሰ!»

የፈረንጁን መጽሐፍ እንዳለ በተራው ነው የገለበጥሁት። ፓምፕ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 3

ጠዋት ሁለት ጊዜ አለቃዬ በር ደርሼ ተመለስሁ። ብናገር ከሥራ መባረር አለ። የባሰም አለ፤ አሻጥር የሚለው ቃል ከሽማግሌው ተነሥቶ እኔ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም። ባልናገርስ? እኒያ ሽማግሌ!

ገባሁ፤ ተናገርሁ። ጓድ መኰንን «በጽሑፍ አድርጊው» አሉ። ጻፍሁ፤ ፈረምሁ። ወረቀቱን ሳብ አድርገው ከፊርማዬ ሥር ጨመሩበት፦ «አንብቤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።» እሳቸውም ፈረሙ።

ሐሙስ፣ የካቲት 4

አቶ ታከለ ተፈቱ! መካኒክም መጥቶ ፓምፑ ውስጥ የተቃጠለውን ጎማ ቀየረ፤ ሞተሩ ደኅና ነው። እርሳስ ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ይቅርታ ስጠይቃቸው «ተይው፣ ያንቺም እጅ ይልመድ» አሉኝ።

«ገባዎት?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና «አዎ» ይላል። ሲሠሩ ዝም ብዬ አየሁ። እጃቸው በሄደበት ተራ ጻፍሁ። ውሃ መሙላት አንደኛ ሆነ። ሥዕልም ጨመርሁ። ቀስት ብስልበት «ይሄ ደግሞ ማንን ሊወጋ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። አጥፍቼ የሚጠቁም ጣት ሣልሁ።

አርብ፣ የካቲት 5

አዲሱን ወረቀት ፓምፑን ነክተው ለማያውቁ አንዲት የማኅበሩ አባል፣ ለወይዘሮ የሺመቤት፣ ሰጠሁ። አፌን ይዤ ቆምሁ። ሦስት ቦታ ተደናቀፉ፤ ሦስቱንም እዚያው አስተካከልሁ።

መጀመሪያ ውሃ ሞሉ። ከዚያ አስነሱ። ቱቦው ተንፈራገጠ፤ ውሃው ቦዩን ይዞ ሽንኩርቱ ውስጥ ገባ። እልል አሉ። እኔም አልቀረሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ስለ ደብዳቤዬ ከላይ የመጣ ነገር የለም። «አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም» አሉኝ ጓድ መኰንን። ፈርቻለሁ።

የተባይ መድኃኒት መርጫ መመሪያ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ልተረጉመው ነው። በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ። «ይህንንስ ማን ዘንድ ወስደሽ ታስነብቢዋለሽ?»

ስድስት ዓመት ስተረጉም እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ተመስገን።