ሽማግሌዎቹና ፈተናው በአንድ ቅዳሜ

ሰኔ 3፣ ከሰዓት

ዛሬም ዝናብ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ማን ማንን ይሰማል? የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሼ ተፈሪ ጠመኔያቸውን ይዘው መስኮቱ ሥር ቆመዋል። ሰሌዳው ላይ «ዌን ኢት ሬይንድ» ተጽፏል፤ ነጥብም አለው። ባለቤት አለ፣ ግስ አለ፣ ዓረፍተ ነገር ግን አይደለም ብለውናል። በዘነበ ጊዜ ምን ሆነ? አልተነገረም፤ ጎዶሎ ነው።

እኔ በልቤ ሞላሁት። በዘነበ ጊዜ የጎሬ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን፤ የምወደው ገመቹ አጠገቤ፣ መስታወቱ በትንፋሽ ደብዝዞ፣ ጫካው አረንጓዴ ጭጋግ ሆኖ ሲያልፍ...

ንቂ በይኝ እንጂ ማስታወሻዬ። አምና የጣለችኝ ይቺው ጎዶሎ ናት። የመምህርነት ድጋሚ ፈተናው ቅዳሜ 14፣ ጎሬ። ካለፍኩ አስተማሪ ነኝ። ከወደቅኩ ልብስ ስፌቱ አለልኝ፣ እስከ መጨረሻው።

ሰኔ 8፣ ማታ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። የራሴን ወሬ ከሳቸው ሰማሁ፤ ገመቹ ከያዮ ሽማግሌ ሊልክ ነው። መቼ? ቅዳሜ 14፣ ጠዋት።

ደወልኩለት። ቀን የሚቆርጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ እኔ ምን አቅም አለኝ አለ። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም። እትዬ አስካለ ደግሞ ሽማግሌ ሲመጣ ከቤት የወጣች ልጅ እምቢ እንዳለች ይቆጠራል ብለውኛል። ቀኑን ሙሉ መርፌ ሳይ ዋልኩ፣ አንድ ስፌት ሳልሰፋ።

ሰኔ 10፣ ማታ

ጋሼ ተፈሪ አንድ ገጽ ሰጡን፣ ጎዶሎዎቹን ለዩ ብለው። ለየሁ፣ አንድም አላመለጠኝ። «ሰው ሆንሽ» አሉኝ። ለሳቸው ይህ ትልቅ ምርቃት ነው።

ማታ ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የት አይተሻል? ብትኖሪም ባትኖሪም ሌላ ቀጠሮ ሰጥቼ እመልሳቸዋለሁ አሉ። ፈተና ላይ ነች እላለሁ፤ የፈለገ ይመለሳል።

ካልተመለሱስ? ስላቸው ሬዲዮኑን ከፈቱ።

ሰኔ 13፣ አመሻሽ

ገመቹ ደወለ። «ቶሌ፣ ሂጂ» አለ፣ ድምፁ ለስለስ ብሎ። ግን ትልቁ ሽማግሌ አጎቱ ናቸው፤ ከተመለሱበት ደጅ ዳግም የሚመጡ ሰው አይደሉም። እለምናቸዋለሁ አለ፤ እሺ ይሉኛል አላለም።

ውጭ ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቷል። በሐሳቤ አንድ ቤት አየሁ፣ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር፤ አንዱ ላይ የተማሪ ደብተር የማርም እኔ። ሌላው ላይ የሚቀመጠውን ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ለሽማግሌዎቹ ያወጣሁትን ነጭ ቀሚሴን መልሼ ሰቀልኩት። እርሳስ ቀረጽኩ። ለሚኒባሱ ሹፌር ቦታ ያዝልኝ አልኩት፣ ከፊት። አጎትየው ቅር ይበላቸው። እሄዳለሁ።