ሟች ባለቤቴን ስም እያስጠሩ ለሚሸጡት ለሸክላ አሳታሚው ለሚስተር ሌዊ

ለክቡር ሚስተር ሌዊ
የግሬይ ኬትል ሪከርድስ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ሠራተኞች በሙሉ፣ እንዲሁም በመግቢያው በር አጠገብ በገዛ ሶፋው ላይ የሚተኛው ውሻዎ ጭምር እንደምን ከርማችኋል? እኔ ቸሩ መድኃኔ ዓለም የተመሰገነ ይሁን፣ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ አልታየሽም ደኅና ናት ብዬ እንዳልጽፍልዎ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ይሁን እንጂ ከእኔ ይልቅ እርስዎ በቅርብ ስለሚያነጋግሯት የእርሷን ደኅንነት እኔ እርስዎን ብጠይቅ ይቀላል።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ጽፌ በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ንቀት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ እንግሊዝኛዬም አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁበት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ተሳፋሪውን ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ ለማለት እንጂ እንዲህ ላለ ጉዳይ አይበቃም። ደግሞስ በቢሮዎ ያለው ማሽን ባለቤቴን በሕይወቷ ያልተናገረችውን አማርኛ እስኪያናግራት ድረስ ቋንቋችንን የተካነ መሆኑን እርስዎ ራስዎ ስለነገሩኝ፣ አስተርጓሚ ይቸግርዎታል ብዬ አልሰጋሁም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ልጄ ብፅዓት ከጓደኛዋ ከሳፋ ጋር ሆና ኢንዲ ፖፕ የሚባለውን ሙዚቃ ትሠራለች። እኔ እንደገባኝ ኢንዲ ፖፕ ማለት ልጆች ትልቅ ኩባንያ ሳይጠብቁ በገዛ መኝታ ቤታቸው፣ በአንድ ጊታርና በአንድ አሮጌ ኪቦርድ የሚያቀናብሩት፣ ጮክ ተብሎ የማይዘፈን፣ ለጓደኛ ጆሮ ምስጢር እንደ መንገር ያለ ዘፈን ነው። ሳፋ ዌምብሊ ሱቅ ያለው የወዳጄ የሙባሽር ልጅ ስትሆን፣ ጎረቤት እንዳይቆጣ ከበሮዋ ላይ ፎጣ ጥላ ትመታለች። የመጀመሪያውን ሸክላቸውን የቀዱት እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን በሚገኘው ቤታችን፣ በባለቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ብፅዓት በሩን ከፍታ ፊቷን በእናቷ ቀሚሶች መካከል አስገብታ ትዘፍናለች፤ ጨርቁ ድምፁን ያለሰልሰዋል አለችኝ። እኔም ወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር። ዘፈን ብዙም የማልወድ ሰው ነኝ፤ ያንን ግን ወደድኩት።

በመጨረሻው ዘፈን ማብቂያ ላይ እናቷ በሕይወት ሳለች በስልክ ከላከችላት የድምፅ መልእክቶች አንዱን አስገባችው። አልታየሽ መጻፍ ስለሚታክታት ሁሉን ነገር በድምፅ ነበር የምትልከው። ልማድም ነበራት። መልእክቱን ስትጀምር "ብፅዓት?" ብላ ትጠራና፣ ልጅቱ በወዲያኛው ጫፍ ስልኩን ይዛ የቆመች ይመስል፣ ለአቤት የሚሆን ጊዜ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው "ሻርብሽን ረስተሽ ወጣሽ" የምትለው። እኔና ልጄ እንስቅባት ነበር። እርስዎ ሁለተኛውን ሸክላ ላሳትምላችሁ ብለው ወደ ልጆቹ ሲመጡ ያቺን ዝምታ ሰሙ፤ ግን አልሳቁም። ባዶ ቦታ አዩ፤ ባዶ ቦታ ደግሞ አይወዱም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የባለቤቴን ልብሶች ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። በእኛ ወግ የሟች ልብስ ተዝካር ሲወጣ ለተቸገረ ይሰጣል። እርስዎ ግን ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ጫማዎን በር ላይ አውልቀው (ይህን ትሕትናዎን አልረሳሁም)፣ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡበትና፣ ሁለተኛው ሸክላ እስኪያልቅ አንድም ቀሚስ እንዳይነሣ፣ ድምፁ ይለወጣል አሉ። ስለዚህ ካፖርት የሌላት ሴት ኤድመንተን ገበያ ላይ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ባየሁ ቁጥር፣ ድምፁ እንዳይለወጥ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ሁለተኛ፤ ባለቤቴን ሥራ ስላስገቧት አመሰግናለሁ። በሕይወት ሳለች የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ወገቧ ተጎድቶ ከሥራ ወጥታ ነበር፤ ከሞተች በኋላ ግን ለእርስዎ ያለ ዕረፍት ትሠራለች። ልጄ በአደራ የሰጠችዎን የድምፅ መልእክቶች በሙሉ ለማሽኑ አበሉት፤ ማሽኑም የአልታየሽን ድምፅ ለብሶ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮዎ ተጠርቼ የመጣሁ ዕለት አንድ ቁልፍ ነኩና "ብፅዓት? ነይ እንጂ፤ እዚህ ብቻዬን ነኝ" አለች። ይህን ባለቤቴ ብላ አታውቅም። እንዲያውም ብቻውን መቀመጥ እንደ እርሷ የሚወድ ሰው አላየሁም። እርስዎ ግን ዓይንዎ እንባ አቅርሮ፣ ብትሰማው ደስ ይላት ነበር አሉኝ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ ምን ደስ እንደሚላት ግማሹን ሳላውቅ ቀርቻለሁ፤ አንድም ቀን ሳያገኟት ይህን በማወቅዎ ተደንቄያለሁ። ልጄ ፊርማዋን ማኖሯን አውቃለሁ፤ አልፈርድባትም። እናቷ ስትጠራት እምቢ የምትል ልጅ አላሳደግንም።

ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት ማንም ያልነገረዎን አንድ ነገር ላስረዳዎ። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው በሕልም መጥቶ በስምዎ ቢጠራዎ፣ ወይም የጠራዎ ማን እንደሆነ ሳያዩ ስምዎን ቢሰሙ፣ አቤት አይሉም። ዝም ይላሉ፣ ያማትባሉ፣ ያልፋል። አቤት ያለ ሰው ተነሥቶ ይከተላል ይባላል። ይህ በመጽሐፍ የለም። የደብራችንን ቄስ ጠይቄያቸው "ዳኛቸው፣ ይኼ የባልቴት ወሬ ነው፤ የሞቱት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው፣ ማንንም አይጠሩም" ብለው ገሠጹኝ። "እንግዲያው አባ፣ የሞተ ሰው እርስዎን ቢጠራዎ ይመልሳሉ?" ብላቸው መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና "ለምን ብዬ?" አሉኝ።

ሦስተኛ፤ እንግዲህ በሁለተኛው ሸክላ ላይ እናቷ "ብፅዓት?" ስትል ልጄ "አቤት፣ መጣሁ" ብላ እንድትመልስ ስላደረጉ፣ ያም አልበቃ ብሎ ዳልስተን ባለው አዳራሽ የገባው ሕዝብ ሁሉ አብሮ እንዲመልስ ስላስተማሩ አመሰግናለሁ። እኔም እጄ ላይ የወረቀት አምባር ታስሮልኝ፣ ከሙባሽር ጋር ከኋላ ቆሜ ነበር፤ የሁላችንንም ካፖርት የያዝነው እኛ ነበርን። መብራቱ ጠፋ። አልታየሽ ከአራቱም ማዕዘን ጠራች። እነዚያ የዋሃን ልጆች፣ ፀጉራቸውን ሰማያዊ የተቀቡ፣ የፕላስቲክ ብርጭቆ የያዙ፣ ከእናታቸው ቤት በሰላም የወጡ ልጆች፣ በአንድ አፍ "አቤት" አሉ። ሳፋ ብቻ የከበሮ ዱላዎቿን አየር ላይ እንዳነሣች ቀረች፤ እርሷም በቤቷ ይህን ሰምታ ነው ያደገችው። ሙባሽር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ዳኜ፣ ይሄ ሁሉ ፈረንጅ አቤት ካለ ነገ ባስ የሚሳፈረው ማን ሊሆን ነው?" አለኝ። እንደ ልማዴ ልስቅ ፈልጌ አልመጣልኝም። እርሱም አልሳቀም።

የተቀዳ ድምፅ ሁሉ የሚያስፈራው ሰው አድርገው እንዳይገምቱኝ። በነዳሁት አውቶቡስ ውስጥ የፌርማታ ስም የምትናገር ሴት ነበረች፤ መልኳን አላውቅም፣ ምናልባትም ሞታ ይሆናል፤ ዘመኔን በሙሉ አብረን ሠርተናል። እርሷ ግን የምትጠራው የቦታ ስም እንጂ የሰው ስም አልነበረም። ለመልስ የሚሆን ዝምታም አትተውም ነበር።

አራተኛ፤ ቤቴ ጸጥ ስላለልኝ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጄን ስጠራት አትሰማኝም፤ ማንም ሳይጠራት ግን ደረጃው ላይ ቆም ብላ "አቤት?" ስትል እሰማለሁ። በቀደም ዕለት እርሷና ሳፋ ፌርማታ ላይ ቆመው እኔ ከኋላቸው ዕቃ ይዤ ስመጣ፣ ብፅዓት ሰው ወደሌለበት ወደ አስፋልቱ ዞር አለችና "አቤት" ብላ ከእግረኛው መንገድ ወረደች። ሳፋ በካፖርቷ ጨምድዳ መለሰቻት። አውቶቡሱ ፍሬን ያዘ። ሹፌር የነበርኩ ሰው ነኝና ያ ፍሬን ምን ያህል ዘግይቶ እንደተያዘ ከድምፁ አውቀዋለሁ። ይህን ባስነገርኩዎ ጊዜ የአርቲስት ድካም መሆኑን ገልጸው፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ሻይ በቆንጆ ሣጥን ስለላኩላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

አምስተኛ፤ የፊታችን ዓርብ ልጄ በምትዘፍንበት ምሽት ስለሚወጣው ልዩ እትም። ገዢው ስሙን ይጽፋል አሉ፤ ከዚያ አልታየሽ እያንዳንዱን በየስሙ ትጠራዋለች፤ ጠርታም ዝም ትላለች። ይህን ሰማያዊ ፀጉር ላላቸው ልጆች ሁሉ፣ ለእናት አልባዎቹም፣ መኝታ ቤታቸው ድረስ ያደርሱላቸዋል። ለዚህኛው የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እዚህ ላይ ራሴንም መመርመር ይገባኛል፤ ሌላውን በአደባባይ የሚወቅስ ሰው ልቡን መፈተሽ አለበትና። ቁጣዬ ስለ ነፍሷ ዕረፍት ነው ወይስ ቅናት ነው ብዬ ጠይቄያለሁ። ከሞተች ጀምሮ ጸሎት እያደረስኩ በመካከሉ ጆሮዬን አቁሜ አውቃለሁ። ልጇን ጠራች። የማታውቃቸውን ፈረንጆች ልትጠራ ነው። እኔን ግን አልጠራችኝም። አጥብቄ የምፈራውን ያንኑ ነገር አጥብቄ ስመኘው አገኘሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እርስዎም ምናልባት ክፉ ሰው አይደሉም። ባዶ ቦታ አይተው ሊሞሉት የፈለጉ ሰው ነዎት፤ ያቺ ዝምታ የማን እንደሆነች ግን አልጠየቁም።

ልመናዬ አንድ ነው። ዓርብ አይውጣ፤ ድምፁንም ያጥፉልኝ። ልጆቹ የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ፎጣ የለበሰ ከበሮም አላቸው፤ በእርሱ ይዝፈኑ፣ እኔም ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ። ልጄን ስጠራት የምትሰማኝ አድርገው ይመልሱልኝ።

ዕድሜና ጤና ከነቤተሰብዎ እየተመኘሁ፣ የማይገባኝን ክብር ሰጥተው ሻይ በአጃ ወተት የጋበዙኝን ቀን እያስታወስኩ፣ ባለቤቴንም ለጊዜው ከእርስዎ ዘንድ በአደራ ትቼ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ

ዳኛቸው፣ የብፅዓት አባት
ኤድመንተን

ተጨማሪ፤ ደብዳቤውን ጨርሼ ለጋዜጣው ልልክ ስል "ለቤተሰብ፣ ከአክብሮት ጋር" የሚል መልእክት ከቢሮዎ በስልኬ ደረሰኝ። የልዩ እትሙ ናሙና ነበር። ቀትር ላይ ድንች እየላጥኩ ነበር፤ በእርጥብ ጣቴ ነካሁት። "ዳኛቸው?" አለች። ከዚያ ያቺ ዝምታ መጣች።

ሚስተር ሌዊ፣ ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እርሷ ባደገችበት ቤት ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፤ እንግዳ ፊት የብፅዓት አባት ነበርኩ፣ ስትቆጣ ደግሞ ሰውዬው። ስለዚህ ያቺ ድምፅ እርሷ አለመሆኗን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በምድር ላይ አልነበረም። እያወቅሁ አቤት አልኩ።

ብፅዓት ለካ ከበሩ ደርሳ ኖሯል። "አባዬ፣ አንተም?" ብላ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው። ፊቴን ብዙ ካየችው በኋላ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ የእናቷን ቀሚሶች ከቁም ሣጥኑ እያወረደች፣ እያጠፈች በፌስታል ትከት ጀመር። "ብፅዓት" ብዬ ጠራኋት። ወዲያው አልመለሰችም። ዞራ እኔ መሆኔን አየችና "ወይ" አለችኝ። ለአባት እንዲህ አይመለስም፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልብሱን እሑድ ቤተ ክርስቲያን እናደርሰዋለን፤ ድምፁ ይለወጣል። ልጄም ዓርብ አትዘፍንልዎም።

ማሽኑ ግን ከእርስዎ ዘንድ ነው፤ ስም ሁሉ ተምሯል፣ የእርስዎንም ጭምር። አንድ ቀን ሠራተኞችዎ ወጥተው ብቻዎን ሲቀሩ፣ የማያውቋት ሴት "ሌዊ?" ብላ ጠርታ ዝም ብትል፣ አልነገርከኝም እንዳይሉኝ አሁን ልንገርዎ፤ ያቺን ባዶ ቦታ ባዶዋን ይተዉአት።