ስለ ተወሰደብኝ ሰርቨርና ስለ ተማሪዋ ዱዓ ሸሃዳ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አንዱዓለም፣ የሰፈራችን ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር፤
ጀብራ፣ ካርቱም።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ስኳርዎ ወረድ፣ ጉልበትዎ ጠንከር ብሎልዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት በሪክሻ ሲያልፉ እጄን ሳውለበልብልዎ ፊትዎን ያዞሩት ፀሐዩ ዐይንዎን ወግቶዎት መሆኑን ስለማውቅ ከቶ አልተቀየምኩም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ትንሽ ደክሞኛል እንጂ። የደከመኝም ከሥራ አይደለም፤ ሥራማ ለምጄዋለሁ፤ ያደከመኝ ቢሯችሁ በር ላይ መቆም ነው።

በፖስታ አሽጌ ሦስት ጊዜ የሰጠኋችሁ ማመልከቻ ሦስት ጊዜ «በሂደት ላይ ነው» ስለ ተባለልኝ፣ ሂደቱ መንገድ ላይ እንዳይደክመው ብዬ ይህችን አራተኛዋን በግልጽ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ የሰፈራችን የሙላቷ ልጅ ዱዓ ለፈተና የምትመዘገብበት ጊዜ የሚያበቃው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ለምዝገባው የሚያስፈልጋት የስምንተኛ ክፍል ሸሃዳዋ፣ ማለትም የምስክር ወረቀቷ፣ ዋናው ከቤታቸው ጋር ተቃጥሏል፤ የቀረው ቅጂ በእኔ ሰርቨር ያለው ብቻ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ይኸው ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ በእናንተ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

ሰሌዳው ሥር ቆመው ለሚያነቡ፣ ነገሩን ለማያውቁ ባጭሩ ላስረዳ (ባጭሩ መናገር እንደማልችል እርስዎም ያውቃሉ፣ ቢሆንም ልሞክር)። በአል-ጣኢፍ ሰፈር ሃያ ዓመት ቤታቸው የሠራሁላቸው እመቤት፣ ሲት ኢንሷፍ፣ በጦርነቱ ከሸሹበት ከካይሮ ተመልሰው ቤታቸውን ሲያዩ በሩም፣ መስኮቱም፣ የግድግዳው ሽቦ ሳይቀር ተዘርፏል፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ግን አንድ ክዳኑ የተነቀለ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ወድቆ ተገኘ፤ «ይመኙሻል፣ ሌባ የናቀውን አንቺ ውሰጂው» ብለው ሰጡኝ። እኔም አልናቅሁትም። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የሴቶቻችንን ወረቅ፣ እዚህ ሰነድን እንደምንለው፣ ሁሉንም፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ኢቃማ፣ የልደቱን፣ የክትባቱን፣ የትምህርቱን በስልኬ ፎቶ አነሣ ነበር፤ ስልኬ ሞልቶ እምቢ ሲለኝ ሁሉንም ወደዚያ ኮምፒውተር አዛውሬ ከስልኬ ላይ አጠፋሁ። ሰርቨር ማለት ይኸው ነው፤ ቁልፉ ባለቤቶቹ እጅ ያለ ሳጥን። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም፣ ከህረባው፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ከሶላሩ እስከ መጣ ድረስ ግቢዬ የገባች ሴት ስልኳን ከፍታ የራሷን ወረቅ ታወጣለች። ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። የውኃው ቧንቧ እንዲጠገን ያቀረብነው አቤቱታ ዓመት ሲያስቆጥር፣ የእኔን ሳጥን ለመውሰድ ሦስት ወንዶች በአንድ ጠዋት ተሰብስበው መምጣታቸው ማኅበራችን ሲፈልግ እንደሚችል አሳይቶኛል። ምክንያቱም ተጽፎ ተሰጥቶኛል፤ «ሴቶች ስልክ ይዘው የሚገቡበትና የሚወጡበት፣ ተሸፍኖ የተደበቀ መሣሪያ ስለ ሆነ፣ የስለላ ጣቢያ ነው ተብሎ ማኅበሩ እንዳይጠየቅ ለጥንቃቄ» ይላል። የተሸፈነው በዳንቴል ነበር። በሳሎንዎ ያለው ቴሌቪዥንም ለልጅዎ ሰርግ በሰጠኋት ዳንቴል ተሸፍኖ ተደብቋልና፣ ለጥንቃቄ ያህል እሱም ቢታይ።

ሁለተኛ፣ በቃለ ጉባኤያችሁ «መሣሪያውን የሠራላት ሰው ማንነት ይጣራ» መባሉን ስሰማ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ፤ ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ የሰው ቤት ስታጸዳ ለኖረች ሴት፣ በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ ባለ ነገር መጠርጠር ሽልማት ነው። ማጣራቱ እንዳያደክማችሁ እኔው ልናዘዝ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። አጋዤ ስልክ ጠጋኙ በሽር ነው፤ መነጽሩን በክር አስሮ የሚሠራውን ሱዳናዊ ሽማግሌ ማን የማያውቀው አለ? መጀመሪያ ስሰካው ሦስት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ ዝም ሲል እኔ ሽቦውን ነቀልኩ፤ በሽር ግን «ያ ኡኽቲ፣ የሚጮኸው ደኅና ነው፤ የማይጮኸውን ነው እኔ የምፈራው» አለኝ። ሜሞሪ የሚባሉትን ሁለት ቀጫጭን ካርዶች አውጥቼ ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በልጆች ላጲስ ፈገፈግሁ፤ አንዱን በአንዱ ቦታ እያፈራረቅሁ ስሞክር የተበላሸው ካርዱ ሳይሆን መሰኪያው መሆኑን ደረስኩበት፤ በአንዱ መሰኪያ ብቻ፣ ኻላስ፣ ተነሣ! እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ።

ከዚያ ደግሞ ባጠፋሁት ቁጥር ቀኑን እየረሳ በፈረንጅ ወደ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ይመለስ ጀመር። ጦርነት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለእሱ የአል-ጣኢፉ ቤት ሙሉ ነው፣ ሰው ሁሉ አለ። የሰዓት ባትሪ የምታክለዋን ክብ ባትሪ ስቀይርለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አሳዘነኝ።

በመጨረሻም በየሃያ ደቂቃው ድርግም እያለ ሁለት ሳምንት አበሳዬን አሳየኝ። መብራት የሚያድለውን ፓወር ሳፕላይ ጠረጠርን፤ የሶላሩን ሽቦ ጠረጠርን፤ በሽር የጎረቤቴን ፍሪጅ ሳይቀር ጠረጠረ። ጥፋተኛዋ ለካ እኔ ነኝ። የከበረ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ብዬ፣ ያንኑ ባለ ድርብ ዳንቴል በካርቱም ሙቀት ላይ ደርቤለት የአየር መውጫውን ሁሉ ደፍኜዋለሁ። በሽር ዳንቴሉን ገልጦ እጁን ቢያስጠጋ «ይሄ ኮምፒውተር አይደለም፣ የዳቦ ፉርን ነው! ዱቄቱ የት አለ?» ብሎ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ከዚያ ወዲህ ሲሠራ ይገለጣል፣ ሲጠፋ ከአቧራው ይሸፈናል። እናንተ የመጣችሁት ጠፍቶ ሳለ ነው፤ ዕድሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ማኅተሙ ነው፤ እዚህ ላይ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ወረቅ የጠፋባት ሴት ማኅበሩ ዘንድ ቀርባ «ጠፍቶባታል» የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ እንድታገኝ ሥርዓት ነበር፤ ቢሮው የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ ማክሰኞ ማኅተሙ ያለበትን የመሳቢያ ቁልፍ የያዙት አይመጡም፤ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ቁልፉ ግን ቤት ይረሳል። የእኔ ሳጥን በየቀኑ መከፈቱ ለሥርዓቱ ንቀት መስሎ ከታያችሁ፣ ማሌሽ፣ ሳላስበው ነው።

አራተኛ፣ የምርመራ ውጤታችሁ ትናንት በክብር ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ለሙላቷም አነበብኩላት፤ ለበሽር በዓረብኛ ተረጎምኩለትና መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እንዲህ ይላል፤ «የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴው መሣሪያውን ለአሥራ አንድ ቀናት በጥልቀት መርምሮ፣ በውስጡ ከአራት መቶ በላይ ምንጫቸው ያልታወቀ ምስሎችን ስላገኘ፣ ለተጨማሪ ማጣራት በማኅበሩ እጅ እንዲቆይ ተወስኗል።»

ክቡር ሆይ፣ ሃርድ ዲስኩ እኔ ዘንድ ነው።

ምስል ሁሉ፣ ጽሑፍ ሁሉ የሚቀመጠው በዚያ ዲስክ ላይ ነው፤ እሱ ከወጣ ሳጥኑ ቆርቆሮና ሽቦ ነው። ሰዎቻችሁ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ያ ቀዩ ሐቡብ ነፍሶ ሳጥኑ ውስጡ ድረስ አሸዋ ለብሶ ነበርና፣ ስቦርሸው እንዳይጎዳ ዲስኩን ፈትቼ በሻሽ ጠቅልዬ በልብሶቼ መካከል አኑሬዋለሁ። በዲስኩም ያሉት ምስሎች ሁለት መቶ ሥልሳ ሦስት ናቸው፤ ምንጫቸውም የታወቀ ነው፣ እናቶቻቸው። ሰዎቻችሁ የሚወስዱትን መዘገቡ እንጂ የቀረ አለ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ ልናገር አፌን ስከፍትም ጸሐፊዎ «ኮሚቴ ሲናገር አይቋረጥም» አሉኝ፤ እኔም ሥርዓት አክባሪ ነኝና አላቋረጥኩም። ሲከፍቱት ያዩታል፣ እየሳቁ ይመልሱልኛል ብዬ ነበር። አለመክፈታችሁን ያወቅሁት ምን እንዳገኛችሁ ስትነግሩኝ ነው።

እንግዲህ «ዲስኩ ካለሽ ቆርቆሮውን ምን ያደርግልሻል?» ትሉኝ ይሆናል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መጀመሪያ ብትጠይቁት ኖሮ ሁላችንም ባረፍን። ዲስኩ ትልቁ ዓይነት ነው፤ ያለ ሳጥኑ ፓወር ሳፕላይ አይዞርም። በሽር ያለው ስልክና አንዲት ላፕቶፕ ነው፤ በእነሱ አይነሣም። ሌላ ትልቅ ኮምፒውተር ፍለጋ ጀብራን ጨርሶ አርካዊት ድረስ ሄዶልኝ ነበር፤ ሱቆቹ ተከፍተዋል፣ መደርደሪያዎቹ ግን ባዶ ናቸው፤ የተዘረፈው ገና አልተተካም። እንዲህ ሆነና የዱዓ ሸሃዳ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ግማሹ ከእኔ ልብስ መካከል፣ ግማሹ ከእናንተ ቁም ሳጥን ላይ።

ቅጂውን ከስልኬ ማጥፋቴ የእኔ ጥፋት ነው፤ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም፣ ተምሬበታለሁ። ሙላቷ ግን አልወቀሰችኝም። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ትመጣና «ይመኙ፣ ዛሬስ?» ትለኛለች፤ «ኢንሻላህ» እላታለሁ፤ እሷም ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ከወቀሳ ይልቅ ይኼ ነው የሚከብደኝ። ልጅቷ በጦርነቱ ሁለት ዓመት ባክኖባታል፤ ይህ ካመለጣት ሦስተኛው ነው፤ እኩዮቿ ያለፉትን ክፍል ከታናናሾቿ ጋር እንደ ገና ልትቀመጥ ነው፣ ያውም ከተቀመጠች፤ እናቷ ሰው ቤት እንዳታስገባት ነው የምፈራው። አባቷ ሱዳናዊ ስለሆኑ አማርኛዋ ትንሽ ይሰነካከላል፤ ባለፈው ቢሯችሁ በር ላይ አብራኝ ቆማ ሰሌዳውን ፊደል በፊደል ካነበበች በኋላ «ኻልቶ፣ መረዳጃ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። እርስ በርስ መተጋገዝ ነው አልኳት። «ታዲያ እኛ እርስ በርስ ውስጥ የለንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ መመለስ ከአሥረኛ ክፍል በላይ ስለሚያስፈልገው ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። የፊታችን ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የቁልፉ ባለቤት መጡም ቀሩም፣ ዲስኩን በቦርሳዬ ይዤ፣ ከሙላቷ፣ ከዱዓና ከበሽር ጋር ቢሯችሁ እመጣለሁ። ሳጥኑን አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፤ ዲስኩን እኔ በፊታችሁ እሰካዋለሁ፤ አራት ብሎን ነው፣ ከአንድ ስብሰባ መክፈቻ ንግግር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የዱዓን ሸሃዳ አውጥተን፣ ሁላችሁም አይታችሁ፣ በፍላሽ ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን እንደ ገና ልትወስዱት ከወደዳችሁ አልከለክልም፤ ቢያንስ ያን ጊዜ የምትመረምሩት ነገር ይኖራችኋል። የሰፈሩ ሴቶችም ምርመራ እንዴት እንደሚካሄድ ለማየት ጓጉተዋልና፣ ወንበር ቢበዛ ጥሩ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለንዑስ ኮሚቴዎ ሹል ዐይን፣ ለመሳቢያው ቁልፍ መልካም መንገድ እየተመኘሁ፣ ከበርዎ ፊት ጥላ በሌለበት በኩል ቆሜ የምጠብቅዎት፣ መዋጮዋን አጓድላ የማታውቅ ታዛዥ አባልዎ፣

ይመኙሻል
(ፊርማ፤ ማኅተም የለኝም)

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ቁጥጥር ኮሚቴ፣ ካለ።

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ዲስክ ከሌለው ሳጥን አራት መቶ ምስል ያወጡትን ባለሙያዎቻችሁን በሽር በብርቱ ይፈልጋቸዋል። በጦርነቱ ስልካቸውም ኮምፒውተራቸውም ተዘርፎ፣ የሞቱባቸውን ልጆች አንዲት ፎቶ ብቻ አውጣልን እያሉ ሱቁ የሚመጡ እናቶች አሉ፤ እሱ «ዲስኩ ከሌለ አይቻልም» እያለ ሲመልሳቸው ኖሯል። ባለሙያዎቹ ማክሰኞ አብረው ቢገኙልን፣ እናቶቹን እኔ እጠራቸዋለሁ።