አገልግሌን ስለፈታው ኮረኮንች

ለተከበሩ አቶ እንዳልካቸው
የጨፌ በር ሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር
መካነ ሰላም

ጤናዎ እንዴት ነው? የቤተሰብዎ፣ የመኪኖቻችሁ፣ በተለይም ሥራ ፈትቶ የማያውቀው የማኅበሩ ጫኝ የሳዲቅ ጤና እንዴት ሰንብቷል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በማኅበርዎ መኪና ተሳፍሮ ደህና ነኝ ማለት መቻል ራሱን የቻለ ምስጋና ስለሚገባው፣ ይኸው ምስጋናዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በማኅበሩ ግቢ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ምናልባት ካላወቁኝ የሸህ አብዱልጀሊል ልጅ ዘሊካ ነኝ። አባቴን መቼም ያውቋቸዋል፤ መንዙማ ሲያወጡ ክርስቲያን ጎረቤታችን ሳይቀር ደጅ ቆሞ የሚያዳምጣቸው ሰው ነበሩ። ነበሩ ማለቴ በሕይወት ስለሌሉ አይደለም። አምና በሽታ ጥሏቸው ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው፣ ምላሳቸውም ተሳሰረ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩም። ደግነቱ ከመታመማቸው ትንሽ ቀደም ብዬ መንዙማቸውን በአሮጌ ስልኬ ቀድቼ ነበር። ድምፃቸው ያለው በዚያ ስልክ ሚሞሪ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ደሴ ያለው የአጎቴ ልጅ በኮምፒውተሩ እንዲገለብጥልኝ ብዬ ነው የእናንተን መኪና የተሳፈርኩት።

ከማኅበሩ አጥር ጋር ተያይዞ የተሠራ የሞባይል ሱቅ እያለ ደሴ ድረስ ምን አስኬደሽ ይሉኝ ይሆናል። ባለሱቁ የኋላሸት የባለቤትዎ ወንድም መሆኑን ስለማውቅ ክፉ መናገር አይገባኝም። ብቻ ልቤ ጠረጠረ። አፉ ይበሉኝ፣ ስፈጠርም ተጠራጣሪ ነኝ።

አሁን ምስጋናዎቼን በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ጥንቃቄ ስላስተማራችሁኝ። በመሳፈሪያው ግፊያ ስልክ ከኪስ እንደሚበር፣ የመንገዱ አቧራም በዚፕ ሳይቀር ገብቶ የቻርጀሩን ቀዳዳ እንደሚደፍን ስለማውቅ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላዩ ሻሼን ደርቤ አገልግል ውስጥ አስቀመጥኩት። ቆዳው ዝናብ አያስገባም፣ ስፌቱም መኪናው ሲያነጥር ይችላል። ከላይ ሁለት ቂጣ ጣል አደረግሁበትና ጠፍሩን ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። በብልሃቴ እንዴት እንደኮራሁ አይጠይቁኝ! ጎረቤቴ አስቻለች እንኳ አይታ «እንዴ፣ ቁርጥ ስንቅ እኮ ነው የመሰለው» ብላ አደነቀችልኝ። ሁለታችንም አንድ ነገር ሳናስተውል ቀረን፤ ወሩ ረመዳን ነበር። ሳዲቅ ግን አስተዋለ። የሸህ ልጅ በረመዳን፣ ገና በማለዳ፣ አገልግል እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትመጣ ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደበራ እስካሁን አይረሳኝም። «እታለም፣ ለማፍጠሪያ ነው?» አለኝ፤ እኔም አዎ አልኩ። ደሴ ቂጣ የጠፋ ይመስል!

ሁለተኛ፦ ስለ ደንባችሁ። ምግብ የያዘ ዕቃ ሁሉ ጣሪያ ላይ እንደሚጫን ያን ቀን ገና ሰማሁ። ጭኔ ላይ ላድርገው ብዬ ብለምን፣ ብቆጣ፣ ወላሂ ምንም አይፈስም ብል ወይ ፍንክች። በራችሁ ላይ ያለው ማስታወቂያ ደግሞ ላይ ለተጫነ ዕቃ ማኅበሩ ኃላፊነት እንደማይወስድ ይገልጻል። እንግዲህ ከእጄ የምትነጥቁት እናንተ ናችሁ፣ ሲጠፋ የምጠይቀው ግን ነፋሱን ነው። ይህን ደንብ ያረቀቀውን ሰው እጁን ስሜ ባመሰግነው ደስ ባለኝ፤ ስስመው ቀለበቴ እንዳይወልቅ ፈርቼ ነው የተውኩት።

ሦስተኛ፦ አቀስታ ላይ ለቁርስ ስንቆም ስለተደረገልኝ እንክብካቤ። ጿሚ ስለሆንኩ ከመኪናው አልወረድኩም፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ብቻዬን ቀረሁ። ወዲያው ከራሴ በላይ ጣሪያው ኮሽ ኮሽ ይል ጀመር። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ማነው ስል፣ ገመድ እያጠበቀ መሆኑን ሳዲቅ ነገረኝ። ሲነግረኝ አፉ ሙሉ ነበር። መንገደኛ ነውና መብላት ይፈቀድለታል፤ የማንን እንደሚበላ ግን አልጠየቅኩትም።

ደሴ ደርሰን አገልግሌን ስቀበል ጠፍሩ ተቋጥሯል፤ ነገር ግን እኔ ግራኝ ነኝ፣ ቋጠሮው የቀኝ እጅ ነው። ቂጣው አንድ ቀርቷል። ሻሼም እኔ በዕድሜዬ አጥፌ በማላውቀው ንጽሕና ታጥፏል። ስልኬ አለ፤ ያን አሮጌ ማን ይፈልገዋል? ከፍቼ ሳየው ሚሞሪው የለም። ሰው ምን ይለኛል ሳልል እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአባቴ አንደበት ሁለተኛ ጊዜ ተዘጋብኝ።

አራተኛ፦ ስለ ሰጡኝ ምላሽ። አቤት ልል ስመጣ ወንበር ስበው አስቀምጠውኝ፣ ሚሞሪው በኮረኮንቹ ምክንያት ነጥሮ ወድቆ ሊሆን እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱኝ። አጃኢብ ነው! የስልኬ ሚሞሪ የሚገባው ከባትሪው ሥር ነው። ስለዚህ ይህ ኮረኮንች ጠፍር ፈትቶ፣ ቂጣ በልቶ፣ ሻሽ ገልጦ፣ ክዳን ከፍቶ፣ ባትሪ አንስቶ ሚሞሪውን ከነቀለ በኋላ ሁሉንም እንደነበረ መልሶ ቋጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ መንገድ እያለን ማኅበሩ ለምን ጫኝ እንደሚቀጥር አልገባኝም።

የሚቀጥለውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና ላስመስለው ብዬ አቃተኝ። ከዒድ ቀጥሎ ባለው ሰሞን አባቴን ፀሐይ እንዲሞቁ ደጅ አስቀምጫቸው ሳለ አንድ ባጃጅ አለፈ፤ ከውስጡም የራሳቸው ድምፅ ይሰማል። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አባቴ ደህናውን እጃቸውን ወደ መንገዱ ዘረጉ፣ ከንፈራቸው ከመንዙማው ጋር ይንቀሳቀስ ጀመር። ሮጬ ባጃጁን አስቆምኩ። ነጂው ደግ ሰው ነው፤ ከመጀመሪያ አስደመጠኝ፣ ከየኋላሸት ሱቅ እንዳስጫነውም ነገረኝ። ያኔውኑ ገልብጥልኝ ማለት ሲገባኝ፣ ንዴት አሳውሮኝ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የኋላሸት ከኢንተርኔት ያወረደው የጥንት ሰው መንዙማ እንደሆነ ነገረኝና ሸኘኝ። በማግሥቱ ነጂው መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ባለሱቁ ጠርቶት፣ ፋይሉ ቫይረስ አለበት ብሎ አጠፋበት። የሌሎቹንም ባጃጆች እንዲሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከሰዓት ሲሆን በእጃቸው ደጁን ያሳዩኛል። አስወጣቸዋለሁ። እስኪመሽ ባጃጅ ባጃጁን ሲያዩ ይውላሉ። ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ የገዛ ድምፁን ሲጠብቅ አይተው ያውቃሉ? እኔ በየቀኑ አያለሁ።

ስለዚህ ሳዲቅ ይታሰር አልልም፣ ማንም ይቅርታ ይጠይቀኝ አልልም። ሚሞሪው ይመለስልኝ። እሱ ካልተቻለ ቫይረሱ ያልነካው አንድ ባጃጅ ይፈለግና በእኛ ደጅ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ በማኅበሩ ማኅተም ይታዘዝልኝ።

ለማኅበራችሁ ረጅም ዕድሜና ረጅም ገመድ፣ ለእርስዎም የሚሰማ ጆሮ እየተመኘሁ፣ ቀለበቴን በግራ እጄ ይዤ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዘሊካ አብዱልጀሊል
የማኅበርዎ የቀድሞ ተሳፋሪ፣ የዛሬ እግረኛ

ማስታወሻ፦ ባጃጁ ውስጥ ባዳመጥኩት ላይ፣ መንዙማው መሐል አንዲት ሴት «አባ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» ስትል ይሰማል። የጥንቱ ሰውም «ቆይ ዘሊካዬ፣ ይቺን ልጨርስ» ይሏታል። ኢንተርኔቱ ስሜን ከየት እንዳወቀው የባለቤትዎን ወንድም ይጠይቁልኝ። መንዙማውን ከፈለገ ይሽጠው፣ ሰው ሁሉ ይስማው። አባቴ ስሜን የጠሩባትን ግን ለእኔ ይመልስልኝ፤ ሌላ የለኝም።