ድምፄ የጎረነነ ሰሞን

ኅዳር 3
ሸሚዝ የበዛበት ቀን። ከካውያው ሳልነሳ ዋልኩ። ድምፄ ሻከር ብሏል... ብርድ ይሆናል። አንድ ደንበኛ ደውሎ «ጋሼ፣ ኮቴ ደርሷል?» አለኝ። ደርሷል አልኩት። ምን ልበለው?

ኅዳር 11
አሁንም እንደ ወፍጮ ነው። ግን ጉድ እኮ ነው። አለቃችንን መስኮቱን ይክፈቱልን እያልኩ ስንት ዓመት ለመንኩ! ዛሬ በጎርናናው ጠየቅኋቸው፤ ብድግ ብለው ከፈቱ። ማታ ባሌም የበላበትን ሳህን ራሱ አነሳ። የተቆጣሁ መስሎት ነው። ነገም ትንሽ ላጎርንነው ይሆን?

ኅዳር 27
የተተኮሰ ልብስ በጋዜጣ ስጠቅልል አንድ ቁራጭ አነበብኩ። የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ከመጠቅለያ ነው። «ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ሳይዘገዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም...» ምክንያቱም ምን? እዚያው ላይ ተቀዷል። ሬዲዮ የምንላት አጣቢያችን ቀሪውን ፍለጋ የተጠቀለለውን ልብስ ሁሉ ፈታታችው። ሸሚዙ ሁሉ ተጨማደደ። የተገኘው የጫማ ማስታወቂያ ነው።
«አንቺ ሴትዮ፣ ወረቀት ከምታሳድጂ ጉሮሮሽን ይዘሽ አትሄጂም?» አለችኝ።
ክፉው በሽታ ቢሆንስ?

ታኅሣሥ 2
ሐኪም ቤት። ፀጉሩ ያለቀ ሰውዬ «እናቴ» እያለ ቀጭን ነገር በአፍንጫዬ ሰዶ ጉሮሮዬን አየ። የድምፅ አውታሬ ላይ ትንሽ እባጭ አለች አለ። ክፉ አትመስልም፣ ግን ካልጠፋች ናሙና ይወሰዳል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳልል አዘዘኝ። ድምፄን አስጨንቄው እንደሆነ ጠየቀኝ። ለመስኮትና ለሳህን ብዬ ነው ይባላል? ዝም አልኩ። ትእዛዙን ከዚያው ጀመርኩ።

ታኅሣሥ 6
የዝምታዬን ምክንያት ለሬዲዮ ብቻ ጽፌ አሳየኋት። የሌላው ምን ያስፈልጋል? ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ስል ማን ልብ አለኝ? ተሳስቻለሁ። አለቃችን ያኮረፍኩ መስሏቸው ሳይጠየቁ አዲስ ካውያ ገዙ። ባሌ ሦስት ቀን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያለ ሲከተለኝ ከረመ። የዛሬ ሳምንት ያደረገውን፣ አምና ያደረገውን፣ እኔ የማላውቀውን ሁሉ ለፈለፈ። ደስ እያለኝ ሰማሁት። በመጨረሻ አዘንኩለትና ጽፌ ሰጠሁት። አነበበው። ከዚያ በኋላ እሱም ዝም አለ።

ታኅሣሥ 21
ሐኪሙ ዛሬ ደግሞ አየኝ፤ እባጯ ሟሟለች። ናሙናም አያስፈልግም። ቀጭኗ ድምፄ ተመለሰች። ቤት ስደርስ ባሌ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ደህና ነኝ» አልኩት።
«እስቲ ድገሚው» አለ።
ስንት ዓመት ስናገር ሰምቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። አራተኛውን እምቢ አልኩ። ሐኪሙ በልክ ተናገሪ ነው ያለው።